መሃል ላይ ያለው ቤት

ፈንታውን የምትወዱት አንባቢዎች ዛሬ ትቀየሙታላችሁ። እኔም ተቀይሜዋለሁ። ግን የሆነውን እንደሆነው ከመንገር ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ታሪኩን ዛሬ ለምትጀምሩት ሰዎቹን ላስተዋውቅ። ፈንታው እዚሁ መካነ ሰላም ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ኮምፒውተር ያስተምራል፤ ደሴ አክስቱ ጋ ያደገ፣ ዝምታ የሚያበዛ ልጅ ነው። አሚራ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ታስተምራለች፤ የእህል ነጋዴው የጋሽ አራጌ ልጅ ናት። ሁለቱን የሚለያያቸው ሃይማኖት አይደለም፤ ሀብትም አይደለም። ደም ነው። ልጆች ሳሉ የፈንታው አጎት የአሚራን አጎት ከላላ ወረዳ ውስጥ በግጦሽ ድንበር ጠብ ገደለው። ሽማግሌዎች ገብተው ደሙን አደረቁ። ካሳው ተከፈለ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ሸሁም ቄሱም መረቁ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ወገኖች ገበያ ላይ ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ፤ አንዱ ግን የሌላውን ደጃፍ አይረግጥም።

የተዋወቁት በፈንታው ኮምፒውተር ፊት ነው። ለማስተርሱ የሚሠራው ነገር ለማስረዳት ያስቸግራል፤ እኔም ተደጋግሞ ተነግሮኝ ነው የገባኝ። የስትራቴጂ ጌም የሚጫወት ልጅ ቤታችሁ ካለ ታውቁታላችሁ፤ አንድ ሕዝብ ይሰጠዋል፣ ያርሳል፣ ከተማ ይቆረቁራል፣ ከጎረቤት ሥልጣኔ ጋር ይዋጋል። የፈንታው ጌም ግን ተጫዋች የለውም። ስክሪኑ ላይ ጥቃቅን ሰዎች ብቻ አሉ። ለእያንዳንዳቸው ጠባይ ሰጥቷቸዋል፤ ሲርባቸው ምን እንደሚያደርጉ፣ ሲሰደቡ ምን እንደሚያደርጉ፣ ወንድም ሲሞትባቸው ምን እንደሚያደርጉ። ከዚያ በኋላ ማንም አያዛቸውም። እሱ ቁልፉን ይጫናል፤ እነሱ ይኖራሉ፤ ሰማያዊና ቀይ የተባሉ ሁለት ሥልጣኔዎች ከእነሱ ኑሮ ተነስተው ያድጋሉ፣ ይጎራበታሉ፣ በመጨረሻም ይጫረሳሉ። ሥልጣኔዎች ለምን እንደሚጋጩ በዚህ ለማወቅ ነበር ሐሳቡ።

አሚራ የመምህራን ሥልጠና ላይ መጥታ ነው ያየችው። የተራሮቹን ካርታ እንድታርምለት ቢጠይቃት፣ ካርታውን ትታ ሰዎቹን ትክ ብላ ስታይ ቆየችና የገበያ ቀናቸው መቼ እንደሆነ ጠየቀችው። ገበያ እንደሌላቸው ነገራት። «ገበያ ከሌላቸው የት ይተያያሉ?» አለችው። ያን ጊዜ እሱ ስክሪኑን ተወና እሷን አየ። እሷም ሻሿን ያለ ምክንያት አስተካከለች። በማግስቱ ፈንታው ለሰዎቹ ገበያ ሠራላቸው፤ ጦርነቱም ቀነሰ። እንግዲህ ፍቅራቸው የጀመረው ከዚያ ነው፤ ከሌላ ቦታ ቢጀምር ለእኔም ይቀለኝ ነበር።

ብዙ ተደብቀው፣ ብዙ ተኳርፈው፣ በመጨረሻ ሽማግሌ ተላከ። ሸህ ያሲንና ቄስ ደሳለው ጋሽ አራጌ ቤት ሄዱ፤ ደሙን ካደረቁት ሽማግሌዎች በሕይወት የቀሩት እነሱ ናቸው። እንደ ወጉ በመጀመሪያው ቀን እሺታም እምቢታም አልተሰጣቸውም። ጋሽ አራጌ ከዘመድ ልምከር ብለው የሚቀጥለውን ጁምዓ ከሶላት በኋላ ቀጠሩላቸው። ሸህ ያሲን እየሳቁ ነው የተመለሱት፤ እምቢ ሊል ያሰበ አባት ቀጠሮ እንደማይሰጥ ያውቃሉ። ፈንታው ያን ዕለት ደስታው መቆሚያ መቀመጫ አሳጣው።

ፍርሃቱ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። መንገዱ ተዘጋ። ወደ ደጎሎ የሚወጡት ሚኒባሶች መናኸሪያው ውስጥ ተደርድረው ዋሉ፣ ከወዲያ ማዶ ተኩስ ተሰማ፣ ተማሪዎች በየጥጉ ያንሾካሽኩ ጀመር። ማን ከማን ጋር እንደሆነ ሁሉም የራሱን ያወራል። ፈንታው ቢሮው ገብቶ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ሌላ ሰው ቢሆን ሶላቱን ይሰግዳል፣ ወይ እናቱ ጋ ሄዶ ይጫወታል። እሱ ግን የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

ሰማያዊዎቹን የእሱ ዘመዶች አደረጋቸው። ቀዮቹን የአሚራ። በመሃላቸው ደም አስቀመጠ፤ የደረቀ ደም። ከዚያም ድንበሩ ላይ ካለው ኮረብታ ላይ አንድ ቤት ሠራና ከሰማያዊ አንድ ወንድ፣ ከቀይ አንዲት ሴት አጋብቶ አስገባበት። ቁልፉን ተጫነ። ዓመታቱ ስክሪኑ ላይ ይሮጡ ጀመር። አዝመራው ጥሩ ነበር፣ ገበያው ይቆማል፣ ቤቱ ልጆች አፈራ። ቀጥሎ ዝናብ የጠፋበት ዓመት መጣ። በአንድ ላም ጠብ ተነሳ፣ ሁለቱ ወገኖች ወጡ፤ መጀመሪያ የተቃጠለውም ያ መሃል ላይ ያለው ቤት ሆነ። ለሰማያዊዎቹ የቀይ ቤት ነው፤ ለቀዮቹ የሰማያዊ ቤት ነው። ሁለቱም አቃጠሉት።

ዝናቡን ጨመረላቸው፤ ተቃጠለ። ገበያውን አቀረበላቸው፤ ዘግይቶ ተቃጠለ። ላሞቹን አበዛላቸው፤ በሌላ ነገር ተጣልተው አቃጠሉት። ባስነሳው ቁጥር የዚያች ቤት እሳት ነበር የሚቀድመው። ጎበዝ አስተማሪ ነው፤ ግን የፈራ ሰው ፍርሃቱን የሚደግፍለትን ነገር ሁሉ እውነት ይለዋል። ያች ቀይ ነጥብ ስትጠፋ ባየ ቁጥር የአሚራ ፊት ይመጣበት ነበር። በመጨረሻ ኮምፒውተሩን ዘግቶ አለቀሰ።

በማግስቱ ሸህ ያሲን ቤት ሄዶ የጁምዓው ነገር ይቆይልኝ አላቸው። ሸሁ ልጅቱን ጠልተሃት ነው ወይ ብለው ጠየቁት። አልጠላኋትም አለ። ታዲያ ምን ሆነህ ነው አሉት። ኮምፒውተር ላይ አየሁ ቢላቸው ምን ሊሉት ነው? ሥራ በዛብኝ፣ መንገዱም ተዘግቷል፣ ትንሽ ቢረጋጋ ይሻላል እያለ ቃላት ፈለገ።

ሸህ ያሲን የሚቆጥሩበትን ሙሰበሃ አስቀመጡ። «ስማኝ ልጄ» አሉት። «ሌላ ቤት ቢሆን ይቅርታ ብለን እናልፈው ነበር። እኒህ ግን በእናንተ ወገን እጅ ሰው የሞተባቸው ናቸው። ቀጥረውን ብንቀር ናቁን ነው የሚሉት። ባትፈልግ እንኳ ሄደን ፊታቸው ቁጭ ብለን አልሆነልንም እንበል።»

ፈንታው ግን ለመነ። ለአሚራ እኔው እነግራታለሁ፣ እሷ ለአባቷ በደንብ ታስረዳለች፣ ማንም አይቀየምም አለ። ደሴ ያደገ ልጅ ነዋ! ቀስ ብሎ ዝም ማለት ከእምቢታ የሚለሰልስ መስሎታል። ሽማግሌው ይህ በልጆች የሚነገር ነገር እንዳልሆነ ደጋግመው ነገሩት፤ በመጨረሻ ግን የላካቸው እሱ ነውና ፊታቸው እንደጠቆረ ተዉለት።

ዳታ ስለሌለ በቴክስት ነበር የሚጻጻፉት። ፈንታው ረጅም ነገር ጻፈላት። ስለ ቤቱ፣ ስለ እሳቱ፣ ስለ ፍርሃቱ። ሲያነበው እብድ የጻፈው መሰለውና አጠፋው። በምትኩ «ትንሽ እናቆየው። ላንቺ ብዬ ነው። ስንገናኝ እነግርሻለሁ» የሚል ብቻ ላከ። መልስ አልመጣም። ያዳናት መስሎት ነበር፤ ቢሆንም የእናቱን ምግብ እየገፋ ሰነበተ።

ጁምዓው አለፈ። ሌላም ጁምዓ አለፈ። ቢደውል አታነሳም። ትምህርት ቤቷ ቢሄድ ፈቃድ ላይ ናት አሉት። ከዚያ አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ፣ የቢሮው በር እንደተከፈተ፣ ደፉ ላይ ቆማ አገኛት። የተማረችው እዚሁ ነውና ከሬጅስትራር የምትወስደው ወረቀት ነበራት። ፖስታውን በደረቷ አቅፋዋለች።

ሰላምታ ሰጠችው፤ ተቀበላት። ተቀመጪ ቢላት አልተቀመጠችም። በሩን ሊዘጋው ቢነሳ «ክፍት ይሁን» አለችው። ከስታለች፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። እሱን እያየችው ግን እንደ ዱሮው ዓይኗን አልሰበረችም፤ ቀጥ አድርጋ ነው ያየችው፤ ይህም ከሁሉ በላይ አስፈራው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው» አለችው። «ሽማግሌዎቹ ለምን ቀሩ?»

ስለ መንገዱ መዘጋት ጀመረላት። ሳታቋርጠው ሰማችው፤ እሱ ራሱ አፍሮ አቆመው።

«ያን ዕለት ቤታችን ማን እንደነበረ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እትዬ ኡምኩልሱም ነበሩ።»

ፈንታው ወንበሩን ይዞ ተቀመጠ። ኡምኩልሱም የተገደለው የአሚራ አጎት ሚስት ናቸው። እርቁ ሲደረግ ጥግ ተቀምጠው አንድ ቃል ያልተነፈሱ፣ ከከላላ ወጥተው የማያውቁ ሴት ናቸው። እንዲህ ባለ ነገር እሳቸው እሺ ካላሉ ሌላው ዘመድ ሁሉ እሺ ቢል ዋጋ የለውም። ጋሽ አራጌ ቀጠሮውን የሰጡትም ሰው ልከው እሳቸውን ለመጠየቅ ነበር።

አሚራ የነገረችው እንዲህ ነው። ሴትየዋ መንገድ ተዘግቷል ቢሏቸው እኔ በመኪና አልሄድም ብለው በበቅሎ መጡ። ነጭ ለብሰው መጡ። የሽማግሌዎቹን እጅ የማስታጥበው እኔ ነኝ አሉ፤ የባሌን ደም ያደረቁትን ሰዎች እጅ እኔ ካስታጠብኩ ከዚያ በኋላ ማን ምን ይላል አሉ። ውሃው ለብ እንዲል አሞቁና ከጁምዓ ሶላት ጀምረው በሩ አጠገብ ማስታጠቢያውን ይዘው ተቀመጡ። ጋሽ አራጌ ደጅ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። የአስር ሶላት ተሰገደ። የተጠራው ዘመድ እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ። የፈንታው መልእክት የአሚራ ስልክ ውስጥ ነበር፤ ለአባቷ ምን ብላ ታንብብላቸው?

«እስከ መግሪብ ሶላት ተቀመጡ» አለች አሚራ። «ከዚያ ውሃው ቀዘቀዘ አሉና ራሳቸው ወስደው ደጅ ደፉት። ሌላ ነገር አልተናገሩም። አባቴ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ገበያ ሲወጣ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው።»

«አላወቅሁም» አለ ፈንታው። «ወላሂ አሚራ፣ አላወቅሁም።»

«አላወቅህም። እሱን አምኜሃለሁ። ግን ለምን ቀሩ?»

ፈንታው ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረው። ያን ጊዜ ነው ከደፉ ላይ ወርዳ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ የገባችው። ሰማያዊዎቹን አሳያት፣ ቀዮቹን አሳያት፣ ኮረብታውን አሳያት። «ይቺ አንቺ ነሽ» አላት። ቁልፉን ተጫነ። አዝመራው መጣ፣ ልጆች ተወለዱ፣ ጠብ ተነሳ፣ ቤቱ ተቃጠለ። እንደገና አለችው። እንደገና ተቃጠለ። በየመሃሉ ፊቷን ሰረቅ አድርጎ ያያል። እንድታዝንለት ነው? እንድትረዳው ነው? እሱም አያውቀውም።

«ለዚህ ብለህ ነው?» አለችው በመጨረሻ። በንዴት ቢሆን ደግ ነበር። ድምፅዋ የደከመው ሰው ድምፅ ነው።

«ባስነሳሁት ቁጥር ነው የምትሞቺው።»

አስተማሪ ናትና የተማሪ ወረቀት እንደሚያይ ሰው ስክሪኑን ጠጋ ብላ አየችው። ከዚያ ይቺ ልጅ ካገባች በኋላ አባቷ ቤት ሄዳ ታውቃለች ወይ አለችው። ፈንታው ጥያቄው ወዲያው አልገባውም። የጌሙን ፕሮግራም ከፍቶ ሕጉን ፈለገ። ሴት ስታገባ ከአባቷ ወገን ትሰረዛለች፣ ለባሏ ወገን ግን ባዕድ ሆና ትቀራለች ይላል። ሥራውን ሲጀምር፣ ከልጅነቱ ሲጫወትባቸው ከነበሩት ጌሞች ልማድ፣ ሳያስብ የጻፈው ነው። አልፎበት ሲሄድ ከርሟል።

«ስትወልድ እናቷ አትመጣም?»

«አትመጣም።»

«ለአረፋ ወንድሞቿ አይመጡም? አባቷ ሲታመም አትሄድም?»

«አሚራ፣ እንዲህ ያለ ነገር አልጻፍኩበትም።»

«ታዲያ ይቺ አግብታ አይደለም፤ ሞታ ነው ኮረብታው ላይ የተቀመጠችው። ቤቷ ሲቃጠል ማን ይድረስላት?»

ወዲያው አስተካከለው። ብዙም ሥራ አልነበረውም፤ ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። ሴቲቱን ወደ አባቷ ቤት እንድትመላለስ አደረጋት፣ ለሁለቱም ወገን ዘመድ አደረጋት፣ አስነሳው። ዝናቡ ጠፋ፣ ጠቡ ተነሳ፣ ሁለቱም ወገኖች ወደ ኮረብታው ወጡ። አንድ ቀይ ነጥብ ከወገኖቹ ተነጥሎ ሮጠና ቤቱ በር ላይ ቆመ። ወንድሟ ነው። ሌሎቹ ቆሙ። ዞረው ሄዱ። እንደገና አስነሳው፤ አሁን ወንድሟ ደረሰ፣ ግን አብሮ ተቃጠለ። እንደገና፣ ከሰማያዊዎቹ አንዲት አሮጊት ወጥታ አስቆመቻቸው። እንደገና፣ ማንም አልደረሰም። ከዚያ ያለ ማቋረጥ ብዙ ጊዜ እንዲሄድ ለቀቀውና ሁለቱም ጎን ለጎን ቆመው ጠበቁ። ትከሻቸው ሊነካካ ትንሽ ነው የቀረው። ከተዋወቁ ጀምሮ እንዲህ ተቀራርበው ቆመው አያውቁም።

«ቤቱ ስንቱ ላይ ተረፈ?» አለችው።

«ግማሽ ያህሉ ላይ።» ከዚያ ፊቱ በራ። እኔ ያን ፊቱን ባላየሁት ይሻለኝ ነበር። ስልኩን አነሳ። አሁኑኑ ለሸህ ያሲን እደውላለሁ አለ፤ እትዬ ኡምኩልሱም ዘንድ ከላላ ድረስ በእግሬ ሄጄ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ፣ አባትሽ ደጅ ድንጋይ ተሸክሜ እቆማለሁ አለ። ሁሉንም ሊያደርገው ነበር፤ ይህን አልጠራጠርም።

«ፈንቴ፣ ተው» አለችው።

ተወ።

«ሐሙስ ዕለት ኒካሄ ታስሯል።»

ባህሩ ይባላል። እህቷ ዙሀራ ሪያድ ናት፤ እሱ የባሏ ወንድም ነው፣ እዚያው ነው የሚሠራው። ወኪሉ ተቀምጦለት ኒካሁ ታሰረ። አሚራ በስልክ ብቻ ነው ያየችው፤ ክፉ ሰው አይመስልም አለች። አባቷ አላስገደዷትም። ጠየቋት፤ አንገታቸውን ደፍተው ነው የጠየቋት፤ እሷም እሺ አለች። የያዘችው ወረቀት ለዚያ ጉዞ ነው። መንገዱ እንደተከፈተ ወደ ደሴ ትወርዳለች።

ፈንታው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ስክሪኑ ላይ ትንንሾቹ ሰዎች ገበያ ወጥተዋል። «ታዲያ ለምን መጣሽ?» አላት፤ ድምፁ ይሰማል አይባልም።

«ጠልተኸኝ እንደሆነ ካፍህ ልሰማ ነው የመጣሁት። እሱን ይዤ መሄድ እችል ነበር። አሁን ምን ይዤ እንደምሄድ አላውቅም።»

«እንዳትሞቺብኝ ብዬ ነው አሚራ። ሌላ ምንም አልነበረኝም።»

አየችው። ያየችው እንደ ዱሮው ነው፤ ገበያ ከሌላቸው የት ይተያያሉ ባለችው ቀን እንዳየችው። ከዚያ ዓይኗ ሞላ፤ በሻሿ ጫፍ ጠረገችው።

«ግማሹ ይበቃኝ ነበር» አለችው። «ከግማሽ ቢያንስም ይበቃኝ ነበር። አንተ ግን እኔን አልጠየቅኸኝም፤ ኮምፒውተሩን ጠየቅኸው።»

ፖስታዋን አቅፋ ወጣች። ፈንታው መስኮቱ ጋ ደርሶ አያት። ከተማሪዎቹ መሃል ቀስ እያለች ወደ በሩ ትሄዳለች፤ ዘወር ብላ አላየችም። ስሟን ሊጠራ አፉን ከፈተ። የሰው ሚስት ስም እየጠሩ ግቢ መሃል መጮህ ለእሷም ለአባቷም ሌላ ውርደት እንደሚሆን ያን ጊዜ ታሰበውና ዝም አለ።